አየር ያጠረው ዲግሪ

እኛ አገር የሚወደድ ነገር አየር አያገኝም። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ከካርቶኑ በወጣ በአምስተኛው ደቂቃ ፌስታል ይለብሳል፤ ቁጥሮቹ ጉም ውስጥ እንደ ገባ በግ ደብዝዘው፣ አንዱን ስንጫን ሌላው እየመለሰልን፣ ዕድሜውን እዚያው ይጨርሳል። ሶፋው ከፋብሪካ የመጣበትን ላስቲክ እንደ ለበሰ እንግዳ ይቀበላል፤ በሙቀት ቀን የተቀመጠ እንግዳ ለመነሣት ሲሞክር የሚሰማውን ድምፅ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኔ አልገልጸውም። አዲስ መኪና የገዛ ሰው የወንበሩን ላስቲክ የሚቀድደው መኪናውን ሊሸጠው ሲል ነው። ለራሳችን ያልፈቀድነውን ምቾት ለማናውቀው ገዢ እናስቀምጥለታለን።

ይህን የምለው ሰው ለመንቀፍ እንዳይመስላችሁ። በዚህ ጉዳይ ዋናዋ ተከሳሽ እኔ ነኝ። የልጄ የሜሮን የመጀመሪያ ጫማ እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ ተቀምጧል፤ እግሯ ሦስት ጊዜ አልፎት አድጓል። ከቤተሰብ የወረስኩት ነው። እናቴ ስታርፍ "ለእንግዳ" ተብለው ሃያ ዓመት ከካርቶን ያልወጡ ስድስት ብርጭቆዎች ለታናሽ እህቴ ደረሷት። እሷም አላወጣቻቸውም። እንግዳው ገና መንገድ ላይ ነው መሰለኝ።

የጅቡቲ አየር ደግሞ ለእንደኔ ዓይነቷ ሴት ሰበብ አያሳጣትም። ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ስኖር አራት ዓመቴ ነው፤ ግቢው የጋራ፣ ክፍሉ አንድ፣ ቬንትሌተሩ አንድ፣ ሙቀቱ ግን ለእያንዳንዳችን የየራሳችን። ባሕሩ ከቤታችን አይታይም፤ ጨውና እርጥበቱን እየላከ ግን በየቤቱ ይገባል። ምስማር በሳምንቱ ይዝጋል። ክብሪት ይለግማል። ጠዋት የተከፈተ ብስኩት ማታ ካልሲ ይሆናል። ወረቀትማ አይነሣ! የጋብቻ ወረቀታችን ጥግ ጥጉን ሻግቶ ያየሁት ቀን፣ ትዳሬ ራሱ የሻገተ ያህል ነው የደነገጥኩት።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል፤ ብዙ መናገር ልማዴ አይደለም። ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሼ አሥረኛን ልጀምር ስል እናቴ ታመመች፤ የእሷ ሕመምና የታናናሾቼ ምሳ ተባብረው ከትምህርት ቤት አስቀሩኝ። ጅቡቲ መጥቼ መጀመሪያ ሰው ቤት እሠራ ነበር። ማዳም በፈረንሳይኛ ታዛለች፣ እናቷ በሶማሊኛ ትሽራለች፣ ዘበኛው በአፋርኛ ይስቃል፣ ባለሱቁ በዓረብኛ ይምላል፤ እኔ ለሁሉም ዝም እላለሁ። አራት ቋንቋ በሚነገርበት ከተማ ዝምታ አምስተኛው ቋንቋ ነው፤ ተሳስታችሁ ብትናገሩት እንኳ ማንም አያርማችሁም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ተረቱን የተረተው ሰው ግን ጅቡቲን አላያትም። እዚህ ዝምታም ይዝጋል።

ባለቤቴ ታምራት የእኔ ተቃራኒ ነው፤ ቃል ይወዳል። አገር ቤት በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተመርቆ አስተማሪ እሆናለሁ ሲል፣ ሕይወት በጭነት መኪና አሳፍራ ጅቡቲ ወደብ ላይ አራገፈችው። በአንድ የትራንዚት ቢሮ ወረቀት ይሞላል፤ የትኛው ኮንቴይነር በየትኛው ተሳቢ እንደሚጫን፣ የትኛው ሹፌር የት እንደ ጠፋ ይከታተላል። ሹፌሮቹ "ቲቸር" ይሉታል። ግማሹ አክብሮት ነው፣ ግማሹ ሽሙጥ። "ቲቸር፣ ማዳበሪያው መቼ ነው የሚጫነው? በግጥም ሳይሆን በቀን ንገረን!" ይሉታል። ይስቃል። ቤት ሲገባ ግን ሳቁን ከሸሚዙ ጋር አውልቆ ይሰቅለዋል። ሰው በተማረበት መሥራት ሲያቅተውና በተገኘበት ሲሠራ ፊቱ ላይ የሚቀር አንድ ነገር አለ፤ ስም አላወጣሁለትም፣ ግን አራት ዓመት አየሁት።

በቤታችን የሥራ ክፍፍል ወረቀት የእኔ ድርሻ ነው። የብዙ ቤት ልማድ ይመስለኛል፤ ባል ወረቀት ያመጣል፣ ሚስት ትሸሽጋለች፣ ሲፈለግ ያለበትን እሷ ብቻ ታውቃለች። ፓስፖርቱ፣ የሜሮን የልደት ወረቀት፣ የጋብቻው፣ የታምራት ዲግሪ፣ የእኔ የዘጠነኛ ክፍል ካርድ ሳይቀር፣ ሁሉም ከቁም ሣጥኑ በላይ ባለች አንዲት ሻንጣ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ታምራት ዲግሪውን ከሰጠኝ ጀምሮ አንድ ቀን "እስቲ አሳዪኝ" ብሎኝ አያውቅም። የሚያመውን ቦታ ማን ደጋግሞ ይነካል?

የጋብቻ ወረቀታችን የሻገተ ሰሞን ነው እንግዲህ ሻንጣዋን እንዳለች አንጠልጥዬ መንገድ ዳር ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት የሄድኩት። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሡ ላሚኔት ሲያደርጉልኝ ቆይተው፣ ዲግሪው ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው አዩኝ። ወደ ማሽኑ ጠቆምኳቸው። እንደገና አዩኝ፤ "ይሄንንም?" በሚል ዓይን። ራሴን ነቀነቅሁ። ማሽኑ በአንድ በኩል ዋጠው፣ በሌላ በኩል ተፋው። ዲግሪው ትኩሱን ሲወጣ ልክ እንደ ዳቦ እጄን ሞቀኝ። ማብለጭለጩ! ስሙ፣ ፎቶው፣ ማኅተሙ፣ ፊርማው፣ ሁሉም ከጨውና ከሻጋታ ለዘላለም ተጠበቁ። እኔ ያልደረስኩበት ቦታ የደረሰ ወረቀት ነውና ሻንጣ ውስጥ እንኳ አልመለስኩትም፤ ደረቴ ላይ ለጥፌ ነው ቤት የገባሁት። ለታምራት አንድ ቀን እነግረዋለሁ፣ ደስ ይለዋል አልኩ። "አንድ ቀን" የሚባለውን ቀን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ከሰኞ እስከ እሑድ ብትፈልጉት የለም።

ዘንድሮ ታምራት ተነሣ። ሌላ ሰው ሲነሣ ጠረጴዛ ይመታል፤ እሱ በስልኩ ተነሣ። ስልኩ ውስጥ የቆየ የዲግሪውን ፎቶ ልኮ ለማስተርስ አመለከተ፣ ለሁለት ቀን አገር ቤት ሄዶ ተፈትኖ መጣ፣ አንድ ጠዋት ስልኩን ወደ ፊቴ አምጥቶ "ተቀበሉኝ" አለኝ። በዚያው በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ። ዕቅዳችን ቀላል ነበር፤ እሱ ቀድሞ ይሄዳል፣ ይመዘገባል፣ ቤት ይፈልጋል፤ እኔና ሜሮን በሁለተኛው ወር እንከተለዋለን። ሥራውን ለቀቀ። ወንበሩ ላይ በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው ተቀመጠበት፤ ጅቡቲ ውስጥ ክፍት ወንበር እንደ ክፍት ብስኩት ነው፣ አያድርም።

ወሬውን የሰሙት ሹፌሮች እትዬ አስካለ ምግብ ቤት ተቀብለው ያዙት። እትዬ አስካለ የእኛ መንገድ ላይ ለሹፌሮች ምግብ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት።

"ማስተርሱ በምንድነው ቲቸር?" አለው ጋሽ ንጉሤ፤ ተሳቢ ሲነዳ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው።

"በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ።"

"እንግሊዞቹ ራሳቸው አይማሩትም እንዴ? ሰው አጥተው ነው ከወደብ የሚጠሩህ?"

ተሳቀ። ታምራትም ሳቀ፤ የዚያን ቀን ግን ቤት ሲገባ ሳቁን አላወለቀውም።

ዝግጅት ተጀመረ። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት አንብባችሁ ኑ ተብለው የተላኩ የልብወለዶች ዝርዝር አለ። እዚህ ቀትር ላይ ጫቱ ከእኛ አገር ሲገባ ከተማዋ ሥራ ታቆማለች፤ በር ሁሉ ይዘጋል፣ ጉንጭ ሁሉ ይሞላል። ታምራት አይቅምም፤ በዚያ ሰዓት ቬንትሌተሩ ሥር ተጋድሞ ያነባል። ዓመታት ሙሉ ከጭነት ሰነድ በቀር ያነበበው ስለሌለ የመጀመሪያውን ልብወለድ ልክ እንደ ጭነት ሰነድ ነው ያነበበው፤ ገጸ ባሕርያቱን ከነመነሻና መድረሻቸው በቁራጭ ወረቀት ላይ መዘገባቸው። "ያቺ ሴትዮ የት ደረሰች?" ስለው "ገና አልተራገፈችም" ይለኛል። እኔ በበኩሌ መጻሕፍቱን በካላንደር ወረቀት ጠቅልዬ ከላይ ላስቲክ አለበስኳቸው፤ አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ያለኝ ይመስል። በዚህ አልሳቀብኝም። እንዲያውም እያንዳንዱ ላይ ስሙን ጻፈበት።

ልብስ ሳጣጥፍ እሱ በእንግሊዝኛ ያነብና በአማርኛ ይነግረኛል። በአንዱ ውስጥ አንድ ሰውዬ አለ፤ ለሚስቱ መንገር ያለበትን አንድ ነገር ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ይደብቃታል። ዝናብ ይዘንባል፣ እራት ይበላል፣ እንግዳ መጥቶ ይሄዳል፤ አይነግራትም።

"ገጽ አሥር ላይ ቢነግራትስ ኖሮ?" አልኩት።

"መጽሐፉ ያልቅ ነበራ!"

"ይለቅ! ሰዎቹ አያርፉም?"

ታምራት እየሳቀ ያልኩትን ከገጹ ዳር በእርሳስ ጻፈው። እኔ ግን አልቀለድኩም። ያንን ሰውዬ የናቅሁትን ያህል ሰው ንቄ አላውቅም። ፈሪ! አልኩት በልቤ። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ፈሪ!

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ታምራት ቅዳሜ በባቡር ሊሄድ ረቡዕ ቀትር ላይ ምሳ እየበላን ነው። ለምዝገባ አሟሉ የተባለውን ከስልኩ ያነብልኛል። "ጉርድ ፎቶ አራት። የድጋፍ ደብዳቤ። ዋናው ዲግሪ፣ ትክክለኛነቱን የሚያረጋግጥ ማኅተም ያረፈበት። ላሚኔት የተደረገ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም።" ቀና አለና ሳቀ። "አየሽ የሰው ሞኝ! ዲግሪውን ላሚኔት የሚያስደርግ አለ ማለት ነው እኮ። ፕላስቲክ ላይ ማኅተም እንዴት ይይዛል?"

ጉርሻዬ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

"ውሃ ጠጪ" አለኝ።

ጠጣሁ። ገጽ አንድ ብላችሁ ቁጠሩልኝ።

ማታ እነግረዋለሁ አልኩ። ማታ ሜሮን ጉንፋን ይዟት ስታለቅስ አመሸች፤ ገጽ ሃምሳ። ሐሙስ ጠዋት ሸሚዞቹን ስተኩስለት አጠገቤ ተቀምጦ፣ ክፍል ገብቶ መጀመሪያ ምን እንደሚናገር በእንግሊዝኛ ይለማመዳል። እንደዚያ ሲለማመድ ፊቱ ላይ ያ ስም ያላወጣሁለት ነገር አልነበረም። እንዴት ብዬ ልመልሰው? ገጽ መቶ ሃያ። ያንን የልብወለድ ሰውዬ በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ለእትዬ አስካለ ልንገራት ብዬ ሄድኩ፣ ቀስ ብዬ በጆሮዋ። እትዬ አስካለ ደግሞ ምስጢር ስትሰማ ድምፅዋ ከፍ ይላል።

"ምን አልሽ? ዲግሪውን? በላስቲክ?"

የሚበሉት ሹፌሮች ሁሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

"የቲቸርን?" አለ ጋሽ ንጉሤ። "ምንም አይደል፣ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው። ሲቀዘቅዝ ራሱ ይላቀቃል። እኔ መንጃ ፈቃዴን እንደዚያ ነው ያላቀቅሁት።"

"ተላቀቀ?" አልኩት።

"ፎቶው ተላቀቀ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ አስካለ በማማሰያዋ ዝም በሉ አለችና ወደ እኔ ዞረች። "ተዪው እሱን! ካውያ ነው የሚሻለው። ከላይ ጨርቅ ጣል አድርጊና ለብ ባለ ካውያ ዳበስ ዳበስ። በሙቀት የተጣበቀ በሙቀት ይላቀቃል።"

"አንቺስ ከባልሽ በምን ተላቀቅሽ?" አለ ከጥግ አንዱ ሹፌር።

"በወሬኛ ሹፌር። ብላና ውጣ!"

ጋሽ ንጉሤ ሳቁ አልጋባበትም፤ እኔን ነው የሚያየው። "ለራሱ ነግረሽዋል?" አለኝ።

ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርኩ።

"አይ አንቺ ልጅ! አፍሽንም አብረሽ ላሚኔት አስደረግሽው እንዴ?"

ቤት ስመለስ ታምራት ጉርድ ፎቶ ሊነሣ ወጥቷል፣ ሜሮን ተኝታለች። ሻንጣዋን አወረድኩ። ካውያውን ሰካሁ። ዲግሪውን ገበታው ላይ ዘረጋሁና እጄ ካውያውን እንደ ያዘ ቆመ። ሞኝ ብሆንም እስከዚህ አይደለሁም፤ መጀመሪያ በሌላ ወረቀት መሞከር አለብኝ። የጋብቻውን አነሣሁ፤ አይሆንም። የሜሮንን የልደት ወረቀት አነሣሁ፤ ምን ሆኜ! የቀረው አንድ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ካርዴ። እሱንም ያን ቀን ሐጂ ከሌሎቹ ጋር አብልጭልጨውት ነበር። በዚህ ምድር ላይ ማንም መሥሪያ ቤት፣ ማንም መስኮት፣ ማንም ሰው አምጪ የማይለው ወረቀት።

ጨርቅ ጣል አደረግሁና ካውያውን አሳረፍኩበት። ላስቲኩ ለሰለሰ። ጥጉን በጥፍሬ ይዤ ሳብ ሳደርገው እሺ ብሎ ተነሣ። እትዬ አስካለ ዕድሜዋ ይርዘም አልኩ። ከዚያ የተነሣውን ላስቲክ ገልብጬ ሳየው፣ ሒሳብ እዚያ ነው። ታሪክ እዚያ ነው። እንግሊዝኛ፣ ሰባ ስምንት፣ ከነመምህሩ ፊርማ ላስቲኩን ተከትሎ ሄዷል። እጄ ላይ የቀረው ነጭ ወረቀትና ስሜ ነው፤ ስሜም ግማሹ። አንድ ዓመት ያጠናሁት በአንድ ደቂቃ ተላጠ።

አላለቀስኩም ብል ታምኑኛላችሁ? እንግዲያው አልልም። ግን ከልቅሶው ሥር አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ እሱንም ልንገራችሁ። ዲግሪው ከአጠገቤ እንደ ተዘረጋ ነው፤ አንድ ፊደል አልጎደለበትም፣ እንደ በፊቱ ያብለጨልጫል። ካውያው ያረፈው እሱ ላይ ቢሆንስ ኖሮ? እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም። ያ ካርድ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ጉዳይ ተፈለገ፤ ተጠየቀ፣ ቀረበ፣ ጉዳዩን ፈጸመ። ከዚህ በላይ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ካርድ ምን ይሁን?

ዓርብ እዚህ የዕረፍት ቀን ነው። ታምራት ቦርሳውን እያዘጋጀ "ዲግሪውን ስጪኝ፣ ከመጻሕፍቱ መሀል ላስገባው" አለኝ። ገጽ ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ። ሁለቱንም ወረቀት አመጣሁና አልጋው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፤ የሚያብለጨልጨውንና የተላጠውን።

የሚያብለጨልጨውን አነሣ። መብራት ሲጠፋ እንደሚቆም ቬንትሌተር ፊቱ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ቆመ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ላሚኔት።"

"ላሚኔት መሆኑንማ አየሁ! መቼ?"

"የጋብቻችን ወረቀት የሻገተ ጊዜ። ይሄም እንዳይሻግት ብዬ።"

"ረቡዕ ሳነብልሽ አጠገቤ ነበርሽ እኮ! የሰው ሞኝ ስል እዚህ ተቀምጠሽ ነበር!"

"ሞኟ እኔ ስለሆንኩ ነው ዝም ያልኩት።"

"ሥራዬን ለቅቄአለሁ እኮ፣ የሜሮን እናት! በዚህ ወረቀት ነው የለቀቅሁት! ማክሰኞ ምዝገባው ያልቃል፤ ምን ይዤ ነው የምቀርበው?"

የሜሮን እናት የሚለኝ ሲቆጣ ብቻ ነው። ወዲያ ሲል ወዲህ ሲል ዓይኑ ሁለተኛው ወረቀት ላይ አረፈ።

"ይሄስ?"

"የእኔ ካርድ ነው። በካውያ ይላቀቅ እንደሆነ ልሞክር ብዬ።"

አነሣው። ወደ መስኮቱ ይዞት ዞረና ብርሃን ላይ አየው፣ አገላብጦ አየው።

"እንግሊዝኛ ስንት ነበረሽ?"

"ሰባ ስምንት።"

"እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስድሳ አንድ ነበረኝ" አለ።

ከዚያ በኋላ ቁጣውን ለመቀጠል ሞክሮ ነበር። አልያዝ አለው፤ ላስቲክ ላይ እንደሚመታ ማኅተም። አጠገቤ ተቀመጠና "ለምን ገጽ አሥር ላይ አልነገርሽኝም?" አለኝ።

"መጽሐፉ እንዳያልቅ።"

ሳቀ ብላችሁስ? አዎ፣ ሳቀ፤ ግን ሳቁ መሀል ላይ ፍርሃት ነበር፤ ሰማሁት። እንዳለ ይዞት እንደሚሄድና የማኅተም መስኮቱ ላይ ቆሞ እንደሚለምን ተስማማን። ሁለት ቀን ሙሉ ያፈነኝ ነገር ግን ከላዬ ተነሥቶ ነበር። መጽሐፉ አለቀ፤ እኔም አረፍኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ናጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘነው። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ድሮ ባቡሩ ከተማው መሀል ካለው አሮጌ ጣቢያ ሲነሣ ዘመድ የተሸኚውን መሐረብ መንገዱን ግማሽ ያየው ነበር አሉ፤ አሁን ከበሩ ወዲያ ትኬት የሌለው አያልፍም። ታምራት ቦርሳውን ደረቱ ላይ ነው የያዘው። "ካልሆነ እመለሳለሁ" አለኝ። "ጋሽ ንጉሤ ረዳት አድርጎ ይቀጥረኛል፤ ጎማ እየቀየርኩ ልብወለድ አወራዋለሁ።" ቀልድ መሆኑን ለማስረዳት ፈገግ አለ። ሜሮን እሱ ገብቶ ከጠፋ በኋላ ለአንድ የማናውቀው ሽማግሌ እጇን ስታወዛውዝ ቆየች። ሽማግሌውም ደግ ናቸው፤ ለአባቷ ብለው መለሱላት።

እሑድ አለፈ ልበላችሁ። አለፈ። ሰኞ ጠዋት ልብስ ሳጥብ አንዱን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ የእኛ አይደለም፣ የጎረቤት ነበር። ስልኬን ገበቴው ዳር አስቀምጬ እያየሁት ነው፤ ሲፈለግ አይጮህ። እኔ ያልኩት እንዲህ ነው፦ ቢናደድ በደወለ ነበር፣ ቢሳካ በደወለ ነበር፤ ያልደወለው እየለመነ ነው። እየለመነ ያለ ሰው ገና አልተባረረም። እንዲህ ዓይነት ስሌት ስትሠሩ ሰው አያግኛችሁ።

ጫቱ ገብቶ መንገዱ ጭር ሲል ደወለ።

"እየሰማሽኝ ነው?"

"እየሰማሁ ነው።"

"ማኅተም የሚመታበት መሥሪያ ቤት ገባሁ። ዲግሪውን ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄ ሰልፍ ያዝኩ። ሰው እንዳያየኝ አፈርኩ እኮ! ከዚያ አንድ ሠራተኛ ብቅ አለና 'ላሚኔት ያስደረጋችሁ በዚህ በኩል!' ብሎ ተጣራ።"

"በዚህ በኩል?"

"በዚህ በኩል! የራሱ ሰልፍ አለው። ያላስደረገው ሰው አሥር አይሞላም፤ የኛው እስከ ግቢው በር ነው። ሐኪሙ አለ፣ መሐንዲሱ አለ፣ ፀሐይ ሲነካቸው ሁሉም መስታወት የያዙ ነው የሚመስሉት። ዘበኛው ዓይኑን በእጁ ከልሎ ነበር።"

መስኮቱ ላይ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ያደረጉ አንድ ትልቅ ሰው ተቀምጠዋል አለኝ። ዲግሪውን ተቀብለው ገለበጡት፣ በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉትና ቀና ብለው ሳያዩት ጠየቁት።

"ሚስት ናት እናት?"

"ሚስት።"

"ተመስገን በል። እናት ያስደረገችው ድርብ ነው፤ በዚያ ላይ ፍሬም አለው።"

ከዚያ ስሙን ከመዝገብ ጋር አመሳክረው፣ ኮፒ አስነሥተው፣ ማኅተሙን ኮፒው ላይ አሳረፉለት። ዩኒቨርሲቲው ያንን ይቀበላል፤ ሁሌም ይቀበላል።

"ታዲያ 'ተቀባይነት የለውም' ብለው ለምን ይጽፋሉ?" አልኩት።

"ጠየቅኋቸው። 'እንደዚያ ካልጻፍን ሁሉም ያስደርጋል' አሉኝ።"

ገበቴው ዳር ቁጭ አልኩ። የሳሙናው አረፋ እጄ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ተቀመጥኩ። ቆይቼ ለእትዬ አስካለ ሄጄ ነገርኳት፣ ድምፄን ሳልቀንስ፤ ሹፌሮቹ በአንድ ላይ "ቲቸር!" አሉ፣ ያለ ሽሙጥ። ጋሽ ንጉሤ ብቻ ራሱን ነቀነቀ። "የፍሪዘሩን ነገር ብትሰሚኝ ኖሮ ሰልፍም አያስፈልገውም ነበር" አለኝ።

ያንን ሰልፍ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ፊት ለፊት የሚታየው የተመራቂዎቹ ነው። ከእያንዳንዱ ጀርባ ግን አንዲት ሴት ቆማለች፤ ግማሾቻችን ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አንችልም፣ የሆነ ትልቅ ነገር መሆኑን ግን ከማንም ቀድመን አውቀናል። አጥፍተናል? አጥፍተናል። ነገ ሌላ ወረቀት እጃችን ቢገባ አንደግመውም ወይ? ይህን ባትጠይቁኝ ይሻላል።

ማክሰኞ ጠዋት ተመዘገበ። ከሰዓት በኋላ "የተማሪነት መታወቂያዬ" ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ከፈትኩት። ስሙ አለ፣ የትምህርት ክፍሉ አለ፤ ፊቱ ያለበት ቦታ ላይ ግን ነጭ ብርሃን ብቻ ነው ያለው። ስልኬን አዘነበልኩ፣ አቀረብኩ፣ አራቅሁ፤ ፊቱ የለም። አራቱም ጥግ በወፍራሙ ታሽጎ፣ ከዳር እስከ ዳር ያብለጨልጫል። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ "ሬጅስትራር ነው የሰጠኝ። ከማሽኑ ትኩሱን።"

እኔም መልሼ ጻፍኩለት፦

"ሚስት ናት እናት?"